የሕፃኑ ክንድና የሐኪሙ ምዘና

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል፤ ደግሞም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለዋል። ሁለቱም ምክሮች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ የትኛውን መከተል እንደሚገባ መለየት ጭንቅ ነው። በወሊድ ጊዜ የክንዱ ነርቭ የተጐዳ ሕፃን ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ወይስ ይቈይ የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ከመቶ ዓመት በላይ ያስጨነቃቸው ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሕፃኑ ራስ ከወጣ በኋላ ትከሻው በእናቱ ዳሌ አጥንት ሲያዝ አንገቱ ይሳባል፤ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት አምስቱ የነርቭ ሥሮችም አብረው ይሳባሉ። አንዳንዱ ሥር በመለጠጥ ብቻ ይቀራል፤ ይህ በጊዜው ይድናል። አንዳንዱ ይበጠሳል፤ አንዳንዱም ከኅብለ ሰረሰር ይነቀላል፤ እነዚህ በራሳቸው በደኅና አይመለሱም። በመጀመሪያው ቀን ግን ሦስቱም ለዓይን አንድ ናቸው፤ ክንዱ ዝሎ ተንጠልጥሏል።

በ1872 ፈረንሳዊው ዱሼን ይህን ሽባነት ገልጾ ጻፈ። በ1874 ጀርመናዊው ኤርብ በኤሌክትሪክ እየመረመረ የላይኞቹ ሥሮች የሚገናኙበትን ስፍራ ለየ። በ1885 ኦገስታ ክሉምኬ በፓሪስ የታችኞቹን ሥሮች ጉዳትና ከዓይን ብሌን መጥበብ ጋር ያለውን ዝምድና አስረዳች።

ስፍራው ከታወቀ ዘንድ ቢላዋው አልዘገየም። በ1903 የግላስጎው ሐኪም ኬኔዲ የተበላሸውን ነርቭ ቈርጦ መስፋቱን አስታወቀ። ነገር ግን ማን ሊሰፋለት እንደሚገባ የሚለይ የታመነ መመዘኛ ገና አልነበረም። በ1925 የቦስቶኑ ሴቨር 1,100 ሕሙማንን መርምሮ የቀዶ ሕክምናው ጥቅም ጥቂት ነው አለ፤ ሥራውም ለብዙ ዘመን ተተወ። በዚያ ዘመን ሊረዳ ይችል የነበረ ስንት ሕፃን ክንዱ እንደ ዛለ አድጎ ይሆን!

በማጉያ መነጽር መስፋት ከተለመደ በኋላ ጊልቤርና ታሲን በ1984 በፓሪስ ቀላል ደንብ አወጡ፤ ሕፃኑ ሦስት ወር ሞልቶት ክርኑን የሚያጥፈው ጡንቻ ካልሠራ፥ ቀዶ ሕክምና ይገባዋል አሉ። የቶሮንቶ ሐኪሞች ደግሞ በ1994 ክርን ብቻውን ምስክር አይበቃም በማለት የክርንን መታጠፍና መዘርጋት፥ የእጅ አንጓን፥ የጣቶችንና የአውራ ጣትን መዘርጋት አንድ ላይ መዝነው ነጥብ ሰጡ፤ ከ10 ነጥብ 3.5 ያልሞላው ወደ ቀዶ ሕክምና ይመራል። ጥርጣሬ ቢቀር፥ በዘጠኝ ወሩ ብስኩት ያስጨብጡትና ክንዱን ከጐኑ ይዘው ይመለከቱታል፤ አንገቱን ብዙ ሳይደፋ ወደ አፉ ካደረሰው ቢላዋው ይቀርለታል።

ዛሬ የተነቀለውን ሥር የሚያሳይ የማግኔት መሣሪያ አለ፤ ሆኖም የልምድ ዓይንና የወር ቈጠራ አልተሻሩም። እንግዲህ እናትን «ይሻለዋል፥ ጠብቂ» ብሎ መሸኘት ብቻውን ምክር አይደለም፤ መጠበቁስ እስከ መቼ እንደ ሆነ፥ በየወሩም ምን መታየት እንዳለበት ሊነገራት ይገባል። ሁለቱ ምሳሌዎች የሚታረቁት ቀኑ በታወቀ ትዕግሥት ነውና።