ሰምና ወርቅን ያስተማረን እጅ

ቅኔ የሚወድ ሰው ሁሉ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ ያውቀዋል፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ስያሜው የተወለደው በቅኔ ቤት ሳይሆን በአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መስቀል ወይም ጉትቻ ሊሠራ ሲነሣ በመጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያሞቀዋል። ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በለቀቀውም ባዶ ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር፣ ሰም የነበረው ወርቅ ሆኖ ይገኛል። ሊቃውንቱ የላይኛውን ቃል ሰም፣ የውስጡን ምሥጢር ወርቅ ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። እንግዲህ እኛ ግጥም እንጭራለን የምንል ሰዎች ትልቁን የሙያ ቃላችንን የተበደርነው ከሰል ካጠቆረው እጅ ነው።

ብድሩን የመለስንበት መንገድ ግን ያሳፍራል። «ጠቢብ» በግእዝ ብልህ፣ ዐዋቂ፣ ባለሙያ ማለት ነው፤ ሰሎሞንንም ጠቢብ እንለዋለን። የዚሁ ቃል ዘመድ የሆነው «ጠይብ» ግን በሕዝብ አፍ ስድብ ሆነ። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዐይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን ከእርሱ ይገዛል፤ ልጁን ግን አይድርለትም።

የዚህ ፍርሃት ሥር ያለ ጥርጥር መሬት ውስጥም አለ። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤል እናስብ። በሃይማኖታቸው ምክንያት ርስት ሲነፈጋቸው ወንዶቹ ወደ ወናፉ፣ ሴቶቹ ወደ ሸክላው ዞሩ። ርስት የሌለው ሰው ክብር በሌለበት አገር፣ ከመሬት ይልቅ በእጁ የሚኖር ሰው እንግዳ ፍጡር መስሎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያቸውም አብሯቸው ሄደ። ስድቡ ግን እዚሁ ቀረ።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 17 ነው። በዘራችን ብረት የቀጠቀጠ ሰው የለም፤ መምህርም አልነበረውም። በስልኩ ቪዲዮ እያየ ብቻ ቢላዋ መሥራት ልማር ብሎ ተነሣ። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ገዝቶ መጣ። አሮጌ ቸርኬ ምድጃ ሆነለት፤ የሐዲድ ቁራጭ መስፍ ሆነለት፤ የእናቱ የፀጉር ማድረቂያ ደግሞ ወናፍ ሆነ። እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታም ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ከሰሉን አቀብለው ጀመር።

እህቴ አልወደደችውም። ስለ እሳቱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ልጁ በሌለበት፣ «አንተ ደግሞ አብረኸው ታራግባለህ? ነገ የማን ዘር ነው ብለው ሲጠይቁ መልሱ የማን ሊሆን ነው?» አለችኝ። እህቴ የተማረች ናት፤ በቡዳም አታምንም። የፈራችው በሚያምኑት ሰዎች አፍ መግባትን ነው።

መልሴን ከታሪክ ፈለግሁ። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መዝገብ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ብረትን ይቆጥራል፤ ለዝሆን ማደኛና ለጦርነት የሚሆን ጦር ይሠራበት እንደ ነበርም ይናገራል። በአክሱም ዘመን ይህን ብረት አግሎ ጦር የሚያደርግ እጅ ባይኖር፣ ሸቀጡ ከድንጋይ በምን ይሻል ነበር?

ዐፄ ቴዎድሮስም ይህን እጅ ከማንም በላይ ፈልገውታል። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ አቅላጮች አልነበሩም። ንጉሡ ስላዘዙ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደ ገና እየሞከሩ ተማሩ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. ከዚያ ምድጃ ወጣ። ከጋፋት እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ተራራ ወጣ፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው ተራራ ላይ ሞቱ። በአገራችን ስመ ጥሩው መድፍ፣ ማንም ሳያስተምራቸው በሙከራ የተማሩ ሰዎች ሥራ ነው ማለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው መስደብን ከለከሉ። ተሳዳቢው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠር፣ ዳግመኛ ሲሳደብ የተገኘም እንዲታሰር አዘዙ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ርስት አልባ ለነበረው ሁሉ፣ አርሶ ለመብላት እስከ ፈቀደ ድረስ፣ የመሬት በር ከፈተለት። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ምላስ ግን ከሕግ ይልቅ ለእናቱ ጓዳ ይታዘዛል።

በሌላ አገር የሆነውንም ለእህቴ ነገርኳት። በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በአባቱ የወተት ላሞች እርሻ ላይ ያደገ ዊልያም ሞራን የሚባል ሰው ነበር፤ ገና በልጅነቱ ራሱን በራሱ እያስተማረ ቢላዋ መቀጥቀጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ብዙዎች ጠፋ ያሉትን የደማስቆ ብረት አሠራር አድሶ ለባልንጀሮቹ አሳየ፤ ምሥጢሩንም አልሸሸገም። በ1976 የስለት ቀጥቃጮች ማኅበር አቋቋመ። በማኅበሩ ፈተና አንድ ቢላዋ የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ ጠርብ እንጨት ሁለት ጊዜ መበጠስ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላም ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም። ተፈታኙ የሚጠየቀው ስለ ሥራው ነው፤ ዘርህ ማነው የሚለው ጥያቄ በፈተናው ውስጥ የለም።

የልጁን ሥራ ቀርቤ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ብረት ሲግል የሚናገረው በቀለሙ ነው። የፀሐይ ብርሃን ባለበት ቀለሙ ስለማይለይ ልጁ የሚጠብቀው ምሽትን ነው። ብረቱ ቀልቶ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ጥቂት አለፍ ካለ በኋላ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ በወጥ ቤት ኦቨን በ200 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያህል እንደ ገና ይሞቃል፤ ፊቱም የገለባ ቀለም ይይዛል። ከጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳል፤ በምትኩ ቶሎ የማይሰበር ይሆናል። የጥንቱ ቀጥቃጭ ማግኔትም ኦቨንም አልነበረውም፤ የነበረው ዐይኑና የጎጆው ጨለማ ነው። ምናልባት ያ ሰው የፈራው ጨለማ፣ ያ በላተኛ ነው የተባለው ዐይን፣ የሙያው መሣሪያ ብቻ ነበር። በጨለማ ቀለም የሚያነብን ሰው፣ ማንበብ የማይችል ጎረቤቱ ጠንቋይ አለው።

ልጁ የጨረሰው ቢላዋ እጀታው ወይራ ነው። ለእናቱ ሰጣት። ምንም ሳትል ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ቤቷ ስደርስ ዶሮውን የምትገነጥለው በእርሱ ነበር። «ይቆርጣል?» አልኳት። «ከሱቁ ይሻላል» አለች፣ ቀና ሳትል።

በማግስቱ እንግዶች መጡ። ከመካከላቸው አንዷ ቢላዋውን አንሥታ አገላበጠችና፣ «ይኼ ደግሞ ከየት ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ እናቱን አየ፤ እኔም አየኋት። እህቴ ትንሽ ቆየችና፣ «ከመርካቶ ነው» አለች። ውሸት አይደለም፤ ብረቱ ከመርካቶ ነው። ሰሙን ነገረቻቸው፤ ወርቁን አስቀረችው።

ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምድጃውን እንደ ገና አቀጣጠለ። እኔም ከሰሉን አቀብለው ጀመር። እናቱ ወርቁን ደፍራ የምትናገርበት ቀን እስኪመጣ ብዙ ቢላዋ ሳያስፈልግ አይቀርም።