ከመቀደዱ በፊት የተሰፋ ምድር

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለችው ቡሹሎ ቆሞ ስለ ጥንታዊ ድንጋይ ማውራት ትንሽ ያስቃል። ዳርቻው የደለልና የእሳተ ገሞራ ትፍ አገር ነው። ሐይቁ ራሱ የተኛው ጣሪያው ተደርምሶ በሰመጠ አሮጌ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ ጉድጓድ ደግሞ የተደረመሰው የዛሬ 180 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከዚያም ወዲህ ባልጩት ሲተፋ ኖሯል፤ መሬቱ አሁንም በሳተላይት ሲለካ ወደ ላይ እያበጠ ነው። በድንጋይ ዕድሜ ይህ ሁሉ የትናንት ማታ ወሬ ነው።

ጥንታዊ እያልን የምንኮራባቸውም ቢሆኑ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። የሰሜን ተራሮች ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሞላው ነው። ብዙ ሰው ግራናይት የሚላቸው የአክሱም ሐውልቶችም ኔፈሊን ሳየናይት ከሚባል ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ እሱም ከዳይኖሰሮች መጥፋት በኋላ የመጣ ነው። የእውነት ሽማግሌውን የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ሥር መውረድ አለበት።

ሥሩ ደግሞ በግልጽ የሚታየው ትግራይ ላይ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ጂኦሎጂስቱ ዊልያም ብላንፎርድ፣ ሌላው ስለ ቴዎድሮስ ሲጨነቅ እሱ ድንጋይ እየለቀመ፣ የአዲግራትን አሸዋ ድንጋይና የእንጣሎን የኖራ ድንጋይ ዛሬም በሚጠሩበት ስም ሰየማቸው። ከእነሱ ሥር ያለውን የተጨማደደ ድንጋይ የኋላ ሰዎች በሁለት ከፍለው አዩት። የታችኛው በጻሊየት ስም ይጠራል፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ በሙቀትና በግፊት መልኩን የለወጠ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በላዩ የተነጠፈው ተምቤን የሚባለው ሲሆን፣ ጥልቀት ከሌለው ባሕር የተረፈ ጭቃና ኖራ ነው።

ጻሊየት የሚነግረን ነገር ይገርማል። የዛሬ 850 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ትግራይ የሚባል መሬት አልነበረም፤ በስፍራው ውቅያኖስ ነበር፣ በውቅያኖሱም ላይ ዛሬ ቶንጋን የመሰሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተሰልፈው ነበር። የድንጋዩ ኬሚስትሪ እንደሚያሳየው ከቀድሞ አህጉር ተቆርሶ የመጣ ሳይሆን፣ ያኔ ከምድር ሆድ በቀጥታ የወጣ አዲስ ቅርፊት ነው። ደሴቶቹ አንዱ ከሌላው እየተላተሙ፣ መሃላቸው ያለው የባሕር ወለል ወደ ታች እየተዋጠ ተጣበቁ። ጂኦሎጂስቱ ታረቀኝ ታደሰ በአክሱም አካባቢ ያጠኑት እንዲህ ያለ የስፌት መስመር ሊሆን የሚችለውን ነው። በቀይ ባሕር ማዶ ያለው የዓረብ ምድር፣ ሱዳንና ኤርትራም በዚሁ መርፌ የተሰፉ ናቸው፤ ሊቃውንቱ የአረብ-ኑብያ ጋሻ ይሉታል።

ተምቤን በተባለው ድንጋይ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በነጋሽ ዙሪያ፣ መሬቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ በታጠፈበት ቦታ፣ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ትንሹም ትልቁም ጠጠር ያለ ሥርዓት የተሰገሰገበት ድንጋይ ይገኛል። እንዲህ አድርገው ጠጠርን ከጭቃ ከሚያቦኩት አንዱ በረዶ ነው። ሙሉጌታ አለኔና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ይህን ቅደም ተከተል ከዓለም አቀፉ የበረዶ ዘመን ጋር አያይዘው ጻፉ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በመሃል ከተገኙ የእሳተ ገሞራ ትፎች ዚርኮን የተባለውን ማዕድን ዕድሜ ለክቶ፣ በረዶው የጀመረው የዛሬ 717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አሳየ። ምድር ከዋልታ እስከ ወገብ በረዶ ለበሰች ለሚለው ሐሳብ፣ ከዓለም ጥሩ ምስክሮች አንዱ ትግራይ ውስጥ መገኘቱን ተማሪዎቻችን ከመማሪያ መጽሐፋቸው ሊያገኙት ይገባ ነበር።

ከዚያ ጎንድዋና የተባለው የጥንት ታላቅ አህጉር ምሥራቅና ምዕራብ ክፍሎች ተጋጩ። ድንጋዩ ታጠፈ፣ ተሰነጠቀ፣ ከ600 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ጀምሮም ግራናይት ቀልጦ ገባበት። ግጭቱ ወደ ደቡብ ሲሄድ የበለጠ የከረረ ነበርና የደቡቡ ድንጋይ በጥልቀት ተቀቅሏል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጂኦሎጂስቱ ካዝሚን ከነዓለሙ ሽፈራው ጋር የአገሪቱን መሠረት ታችኛ፣ መካከለኛና ላይኛ ብሎ ሲከፍል፣ በጣም የተቀቀለውን፣ ናይስ የሚባለውን ድንጋይ እጅግ ጥንታዊ አድርጎት ነበር። ዚርኮን ሲለካ ግን በደቡብና በምዕራብ ብዙው ናይስ ከሰሜኑ ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ሆኖ ተገኘ። መልክ አያታልልም ማለት አይቻልም።

ለቡሹሎ ሰው የዚህ ሁሉ ቅርቡ ማስረጃ በስተደቡብ ያለው አዶላ ነው። የለገደምቢ ወርቅና የቀንጢቻ ታንታለም የተቀመጡት በዚያው ስፌት ውስጥ ነው። የአዲስ አበባን ሕንፃዎች ወለል ያስጌጠው የዳለቲ እብነ በረድም የምዕራቡ ወንድማቸው ነው።

ግጭቱ ያቆማቸው ተራሮች ግን አልቆዩም። የእንጢጮ አሸዋ ድንጋይ ሲነጠፍባቸው ነፋስና ውሃ ጠርበው ሜዳ አድርገዋቸው ነበር። ዛሬ ስምጥ ሸለቆው አገሪቱን በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየቀደዳት ነው፤ ቅዳዱም በጥንቱ ስፌት ደካማ መስመር እንደሚሄድ የሚያምኑ ጂኦሎጂስቶች ጥቂት አይደሉም። ወደ ደቡብ፣ አማሮ ተራራ ላይ፣ መሠረቱ በስምጡ መሃል ብቅ ብሏል። ሐዋሳ ላይ ግን በትፍና በደለል ተቀብሯል።

የነጋሽን መስጊድ ለመጎብኘት የሚሄድ አንባቢ ቢኖር፣ ከመመለሱ በፊት ያንን ጠጠር የተሰገሰገበት ድንጋይ ጠይቆ ይፈልገው፤ ባያነሳው ግን ደስ ይለኛል።