ዜና ዐፅም ዘጃፓን

የቶኩጋዋ መሳፍንት በኤዶ ከተማ ተቀምጠው ጃፓንን ሲገዙ በነበረበት ዘመን የአገሩ ልብስ ኪስ አልነበረውም። ስለዚህ ሰው የትንባሆ ከረጢቱንና የመድኃኒት ሙዳዩን በገመድ አስሮ በመቀነቱ ያንጠለጥል ነበር፤ ገመዱም ሾልኮ እንዳይወድቅ ኔትሱኬ የሚባል ትንሽ ቅርጽ በጫፉ ይታሰርበታል። ጠራቢዎችም ይህን ከእንጨትና ከዝሆን ጥርስ ይሠሩት ነበር። ጥርሱ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር፤ የቻይናና የሆላንድ ነጋዴዎች በናጋሳኪ ወደብ ያራግፉት ነበርና።

ከቅርጾቹም መካከል የራስ ቅልና ዐፅም ነበረ። በ1394 በፈረንጆች አቆጣጠር ተወልዶ በ1481 ያረፈው ኢክዩ የተባለ መነኩሴ፣ ከቆዳ በታች ጌታና ሎሌ፣ ወንድና ሴት አንድ እንደ ሆኑ ስለ ዐፅም በጻፈው መጽሐፍ አስተምሮ ነበር። ሠዓልያንም ሬሳ እስኪፈርስ ድረስ ያለውን ለውጥ በ9 ክፍል ሥለው ያሳዩ ነበር። ጠራቢው ያንኑ ትምህርት አሳንሶ በባለጠጋው ወገብ ላይ አኖረው፤ በገበያም በግብዣም አብሮት ዋለ።

ከዚህም በኋላ በ1868 የቶኩጋዋ መንግሥት ፈረሰ፤ ሥልጣንም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሜጂ ተመለሰ። በ1876 ሳሙራይ የሚባለው ጦረኛ ሰይፍ እንዳይታጠቅ ዐዋጅ ወጣ። የከተማውም ሰው የፈረንጅ ልብስ ለበሰ፤ ከልብሱም ጋር ኪስ መጣ። ያን ጊዜ ኔትሱኬ ጠራቢው ገዢ አጣ፤ የቀድሞውም ሥራ ወደ አውሮፓ ተሸጠ።

በዚያ የጭንቅ ዘመን አሳሂ ግዮኩዛን የሚባል ብልኅ ሰው ተነሣ። በ1843 በኤዶ በአሳኩሳ ሰፈር የተወለደ ነው። በወጣትነቱ መነኩሴ ነበረ፤ ኋላ ግን ምንኩስናውን ትቶ ያለ መምህር ጥርስ መጥረብ ተማረ። በ1881 መንግሥት በቶኪዮ የአገሩን የእጅ ሥራ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ የሰውን ዐፅም ከዝሆን ጥርስ ጠርቦ አቀረበ፤ ሽልማትም ተቀበለ። ቅሎቹም እስከ ስፌታቸው መስመር፣ እስከ ጥርሳቸው ሥር የተጠነቀቁ ነበሩ። መቀነት የማይፈልግ፣ በጠረጴዛ የሚቀመጥ ቅርጽ ሆኑ፤ ሙያውም በዚህ ዳነ።

መሳፍንቱ አለፉ፤ ሰይፉም ተፈታ፤ ቅሉ ግን የማስተማር ሥራውን አላቋረጠም። ሆኖም ሞትን ለሰው ለማስታወስ ዝሆኑ አስቀድሞ ሞቷል። በ1989 የዓለም መንግሥታት የዝሆን ጥርስን ንግድ ለማገድ የተስማሙት እርዱ ስለ በዛ ነው። እኛም ይህን ዜና ስንጽፍ የጠራቢውን ጥበብ እናከብራለን፤ የእንስሳውንም ሞት ከሰው ሞት ጎን እንመዘግባለን። ቅሉ ሟች ሁሉ አንድ ነው ብሎ ካስተማረ፣ ዝሆኑን ከዚያ ቍጥር ማውጣት አይገባምና።