ድር ቢያብር፣ ድር ሲወሳሰብ

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ስለ አንድ ነገር ዝም ይላል። ድሩ ሳያብር ሲቀር፣ ክር ከክር ሲወሳሰብ፣ የሚታሰረው ማን እንደሆነ አይነግረንም። የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ነው። «በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ኮምፒዩተር ምን አመጣው?» የምትሉን እንደማትጠፉ እናውቃለን። ነገሩ ግን የማሽን ብቻ ሳይሆን የሰውም ታሪክ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

ጉዳዩን እንድናነሣ ያደረገን የራሳችን ውርደት ነው። የቤት ሥራ ተሰጠን። አንድ ቁጥር አለ፤ ሁለት ክሮች፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት የሥራ መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው በዚያ ቁጥር ላይ መቶ ሺህ ጊዜ አንድ አንድ ይጨምሩበታል። መልሱ 200,000 መሆን አለበት፤ ይኸ የሕፃን ሂሳብ ነው። አንድ ጊዜ ልክ ወጣ። ደገምነው፤ ጎደለ። ሠለስነው፤ ሌላ ጉድለት። የት ላይ እንደሚሳሳት ለማየት ብለን በየመካከሉ ቁጥሩን እንዲያትም ብናዘው፣ ጉዱ ጭራሹን ጠፋ! የምናየው መሆኑን ሲያውቅ ጨዋ ይሆናል ማለት ነው? ተሳስቀን ዝም አልን፤ ውስጣችን ግን አልሳቀም።

ምክንያቱን ለመረዳት የእቁብ መዝገብ ማሰብ ይበቃል። በመዝገቡ 500 ብር ተጽፏል እንበል። ሁለት ጸሐፊዎች እኩል ገለጥ አድርገው 500 አነበቡ። አንዱ 50 ተቀብሎ 550 ጻፈ። ሌላው 100 ተቀብሎ፣ ቀድሞ ያነበበውን 500 በልቡ ይዞ ኖሮ፣ 600 ብሎ በላዩ ጻፈበት። 50 ብር የት ገባ? ሌባ የለም፤ ሁለቱም ሥራቸውን በሐቅ ሠርተዋል። ሊቃውንቱ ይኸንን እሽቅድምድም ይሉታል፤ ውጤቱ በሥራው ትክክለኛነት ሳይሆን ማን ማንን ቀደመ በሚለው ይወሰናልና።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋው የማይቀመስ ዕቃ ነበር። ያ ውድ ማሽን ካርድ እስኪነበብ ወይም የቴፕ ጥቅልል እስኪዞር ድረስ ሥራ ፈትቶ መጠበቁ አንገበገባቸው። ስለዚህ አንዱን ሥራ አቋርጦ ወደ ሌላው እየዘለለ እንዲሠራ አደረጉት። ማቋረጡ በየትኛዋ ቅጽበት እንደሚመጣ ግን ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ አንብቦ ሳይጽፍ፣ ጽፎ ሳይጨርስ ሊሆን ይችላል። «ክር» የሚለው ስያሜም የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ ሳልትዘር የተባለው ተመራማሪ በ1966 በመመረቂያ ጽሑፉ ቃሉን ያመነጨው ቪክቶር ቪሶትስኪ እንደሆነ መስክሮለታል።

ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በመስከረም 1965 አንዲት ገጽ ጽሑፍ አወጣ። አንድ ገጽ ብቻ! ጥያቄው፦ ብዙ ማሽኖች የጋራ ማስታወሻ ብቻ እያላቸው፣ ወደ አንድ አስጊ ክፍል በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል ወይ? ለሁለት ማሽኖች የሂሳብ ሊቁ ዴከር አስቀድሞ መልስ አግኝቶለት ነበር፤ ዳይክስትራ ለፈለግነው ያህል ቁጥር አደረሰው። በዚያው ዓመት ደግሞ ሴማፎር የተባለውን መሣሪያ አቀረበ። ቃሉ ከባቡር ሐዲድ ምልክት የተወሰደ ነው፤ ከፊት ባቡር ካለ ክንዱ ይወርዳል፣ የኋላው ይቆማል። ሁለቱን ትእዛዞች «ፒ» እና «ቪ» አላቸው። «ቪ» ቨርሆገን ከሚለው ከፍ ማድረግን ከሚያመለክት የደች ቃል የመጣ ነው፤ «ፒ» ግን «ፕሮላኽ» ከሚል እሱው ራሱ ከፈጠረው ቃል ነው። ቃል ሲቸግር ቃል መፍጠር የገጣሚ ብቻ መብት አይደለም ማለት ነው፤ ለዚህች መጽሔት አንባቢ ይኸ ሳይጥም አይቀርም።

እኛን ከሁሉ ያጽናናን የቀጠለው ነው። በጥር 1966 ሃይማን የተባለ ጸሐፊ በዚያው መጽሔት ለሁለት ማሽኖች የሚሆን ቀለል ያለ መፍትሔ አቀረበ። ታተመ። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ስህተት ነው! ዶናልድ ክኑት በግንቦት ወር ስህተቱን አሳየ፤ እግረ መንገዱንም በዳይክስትራ መፍትሔ ውስጥ አንዱ ማሽን ተራው ሳይደርሰው ለዘላለም ሊጠብቅ እንደሚችል ጠቆመ። ይኸንን ረሃብ ብለውታል። የጥቂት መስመር ፕሮግራም የነዚህን ሰዎች ዓይን ካታለለ፣ የእኛ የቤት ሥራ መውደቁ ምን ይገርማል?

ከረሃብ ካነሣን ዘንዳ ወደ ማዕዱ እንለፍ። ዳይክስትራ በ1965 ለተማሪዎቹ አንድ የፈተና ጥያቄ አወጣ፤ አምስት ኮምፒዩተሮች በቴፕ ማጫወቻ ሲሻሙ የሚያሳይ ነበር። ቶኒ ሆር ነው በኋላ ፈላስፎች አድርጎ ያለበሰው። አምስት ፈላስፎች ክብ ጠረጴዛ ከበዋል፤ በየሁለቱ መካከል አንድ ሹካ አለ፤ ፓስታውን ለመብላት ግን ሁለት ሹካ ያስፈልጋል። ሁሉም እኩል የግራውን ሹካ ቢያነሡ ሁሉም የቀኙን ይጠብቃሉ፣ ማንም አይለቅም፣ ሁሉም በራብ ያልቃሉ። (በእንጀራ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ፤ እኛ አንዱን ገበታ ከበን በእጃችን እንጎርሳለን። ግን የመሐሉን ሥጋ ሁለት እጅ እኩል ሲይዘው ያየ ሰው እኛም ከችግሩ ነፃ እንዳልሆንን ይመሰክራል።) ዳይክስትራ ይኸን ዓይነቱን መቆላለፍ የሞት እቅፍ ብሎ ሰየመው። በ1971 ኮፍማንና ሁለት ባልደረቦቹ ለመቆላለፍ አራት ነገሮች መገጣጠም እንዳለባቸው አሳዩ፤ ከአራቱ አንዱን ማፍረስ ይበቃል። ለምሳሌ ሹካዎቹን ቁጥር ሰጥቶ ሁልጊዜ ከትንሹ ቁጥር ጀምሮ ማንሣት፤ ያን ጊዜ ክቡ ይሰበራል።

እስካሁን ያወራነው የወረቀት ጨዋታ ይመስላል። አይደለም።

ቴራክ-25 የካንሰር ሕሙማን በጨረር የሚታከሙበት ማሽን ነበር፤ የሠራው የካናዳ አቶሚክ ኢነርጂ ድርጅት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ቴራክ-20 ፕሮግራሙ ቢሳሳት እንኳ ጨረሩን የሚከለክል የብረትና የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ነበረው። በቴራክ-25 ይኸ ቀረና ጥበቃው ለፕሮግራሙ ተተወ። ከሰኔ 1985 እስከ ጥር 1987 ድረስ ስድስት ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበለጠ ጨረር ወረደባቸው፤ የሞቱ አሉ፣ አካላቸው የተጎዳ አሉ።

በመጋቢት 1986 ቴክሳስ ውስጥ፣ ታይለር ከተማ የሆነው እንዲህ ነው። ማሽኑን የምታሠራው ሴት ሥራዋን ጠንቅቃ የለመደች ነበረች። ኤሌክትሮን ብላ መምታት ሲገባት በልማድ ኤክስሬይ ብላ መታች፤ ወዲያው አየችና ወደ ላይ ተመልሳ አረመችው፣ የቀረውንም በፍጥነት አለፈችው። የማሽኑ ማግኔቶች ቦታቸውን ለመያዝ ወደ 8 ሰከንድ ገደማ ይወስድባቸው ነበር። እርማቱ በዚያች 8 ሰከንድ ውስጥ ካለቀ፣ ቁልፍ ሰሌዳውን የሚከታተለው ክፍል አውቆታል፤ ማሽኑን የሚያዘጋጀው ክፍል ግን አልሰማም። ሁለቱ አንዱን መዝገብ ያለ ዘብ ይጋሩ ነበርና፤ ያው የእቁባችን መዝገብ። ስክሪኑ ላይ «ጉድለት 54» የሚል ወጣ፤ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ አልነበረም። እንዲህ ያለ መልእክት በየቀኑ ስለሚወጣ፣ ቀጥል ለማለት «ፒ» የምትለውን ፊደል መታች። የዳይክስትራ «ፒ» ቆም ብለህ መንገዱ ነፃ መሆኑን እይ ማለት ነበረች፤ የዚህኛዋ «ፒ» ሂድ ማለት ሆነች። ለበሽተኛው የታዘዘው 180 ራድ ነበር፤ የደረሰበት በኋላ ሲገመት ከ16,500 እስከ 25,000 ሆነ።

መሐንዲሶች መጥተው ፈተሹ፣ ምንም አላገኙም፣ ማሽኑ ከመጠን በላይ ሊሰጥ አይችልም አሉ። በሚያዝያ ወር ሥራ ጀመረ፤ በቀናት ውስጥ ሌላ ሰው ላይ ደገመው። እውነቱን ያወጡት የሆስፒታሉ ፊዚሲስትና ያችው ሠራተኛ ናቸው። ማሽኑ ፊት ቁጭ ብለው ደጋግመው መቱት፣ መቱት፤ ምሥጢሩ ፍጥነቷ ነበር። ቀስ ብሎ የሚመታ መርማሪ መቼም አያገኘውም። ስህተቱ የሚጠብቀው ሥራውን የለመደውን ሰው ነበርና፣ ይኸ ነገር እስካሁን ይከነክነናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ተማሪን የሚመለከት። ዜናው ከተሰማ በኋላ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስት አንድ ነገር ትዝ አለው። በእነሱ ቤት ለማስተማሪያ በሚውለው ቴራክ-20 ላይ አዲስ ተማሪዎች በመጡ ቁጥር ፊውዙ ይቃጠል ነበር፤ ተማሪዎቹ ሲለምዱ ይተዋል። ያው ስህተት እዚያም ኖሯል! ልዩነቱ፣ እዚያ የሚቃጠለው ፊውዝ ነበር። ያልተለመደ ነገር የሚመቱ የተማሪ ጣቶች አደጋውን ከሁሉ አስቀድመው ነክተውት ነበር፤ ማንም ግን ምን እያሳዩት እንደነበር አልጠየቀም።

በሐምሌ 1997 ማርስ ላይ ያረፈው ፓዝፋይንደር ታሪኩ ደስ ይላል፤ ባጭሩ እንለፈው። መንኮራኩሩ በየጊዜው ራሱን እያጠፋ ይነሣ ጀመር። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ሁኔታ ሥራ አንድ ቁልፍ ይዞ ሳለ፣ መካከለኛው ሥራ ይቀድመዋል፤ ከፍተኛው ደግሞ ያንኑ ቁልፍ እየጠበቀ ይቀራል። ጌታው በሎሌው ምክንያት ደጅ ጠና እንደማለት ነው። መድኃኒቱ ቁልፍ ለያዘው የሚጠብቀውን ቅድሚያ ማውረስ ነበር፤ ሻ፣ ራጅኩማርና ሌሆትስኪ በ1990 ጽፈውት ነበር፣ ከምድርም ተልኮ ተስተካከለ። ምልክቱ መንኮራኩሩ ከመነሣቱ በፊት በምድር ሙከራ ላይ ታይቶ ኖሯል፤ ግን ሊደግሙት ስላልቻሉ ታለፈ።

እስከ 2005 ገደማ ድረስ ይኸ ሁሉ የጥቂት ባለሙያዎች ጭንቀት ነበር። ከዚያ በኋላ የአንዱ ፕሮሰሰር ፍጥነት በሙቀት ምክንያት ማደጉን ሲያቆም፣ አምራቾች በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት፣ አራት እያደረጉ ሸጡ። በየኪሳችን ያለው ስልክ ራሱ የፈላስፎች ገበታ ሆኗል። ከመካከላችን በሚቀጥለው ዓመት ተመርቆ የክሊኒክ መዝገብ ወይም የባንክ ሂሳብ የሚጽፍ አለ፤ «እኔ ጋ ይሠራል» የምትለዋን አነጋገራችንን ይዞ ይሄዳል። ዳይክስትራ ሙከራ ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ አይችልም ባይ ነበር። እኛ ግን የመጀመሪያውን ቀን ልክ ሲወጣ አይተን ለማስረከብ ተነሥተን ነበር፤ ያቆመን ጥንቃቄ ሳይሆን የአታሚው ወረፋ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ ቁልፍ ጨመርንበት። አሁን 200,000 ይላል፤ ከቀድሞው ይልቅ ተንቀራፍፏል፣ ይሁን። አስተማሪያችንም ተቀብለውናል። አንደኛው ጓደኛችን ግን እስካሁን አላመነውም፤ ማታ ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ ያስሮጠዋል።