ድምፅ ሥዕል የኾነበት ምሽት

የሰው ልጅ ከጥንት ዠምሮ ድምፅን ለጆሮ፣ ሥዕልን ለዓይን ለይቶ ሰጥቶ ይኖር ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ኤሌክትሪክ ሁለቱን አገናኝቶ ድምፅ ሥዕልን የሚወልድበት ጊዜ ደረሰ። አዠማመሩን ከዚህ ቀጥለን በአጭሩ እናመለክታለን፤ ዘመኑም የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ናም ጁን ፓይክ በ1932 ዓ.ም. በሴኡል ከተማ የተወለደ ኮርያዊ ነው። በ1956 በቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ፈጽሞ፣ ሙዚቃ ለመማር ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄደ፤ በኮሎኝ ራዲዮ ጣቢያ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮም ሠራ። እንግዲህ ይህ ሰው ወደ ሥዕል የመጣው በብሩሽ መንገድ ሳይኾን በድምፅ መንገድ ነው።

በመጋቢት ወር 1963 ቩፐርታል በምትባለው የጀርመን ከተማ፣ ሮልፍ ዬርሊንግ የተባለ አርክቴክት በመኖሪያ ቤቱ ባቋቋመው በፓርናስ ጋለሪ፣ ፓይክ የመዠመሪያውን ኤግዚቢሽኑን ከፈተ። በመክፈቻው ምሽት ዮዜፍ ቦይስ የተባለው ጀርመናዊ አርቲስት ከቀረቡት ፒያኖዎች አንዱን በመጥረቢያ ሰባበረው። ይህን የሚያወሱ ብዙዎች ናቸው፤ ለታሪክ የሚበልጠው ነገር ግን በአንድ ክፍል ወለል ላይ በተበተኑት፣ ከ10 በሚበልጡ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ላይ የታየው ነበር።

በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚሥለው በቀጭን የኤሌክትሮን ጨረር ነው፤ ጨረሩን ወዲያና ወዲህ የሚመራውም የመግነጢስ ኃይል ነው። ፓይክ ይህን መሪ ለድምፅ አስረከበው። አንዱን ቴሌቪዥን ከራዲዮ ጋራ አገናኘው፤ ራዲዮው ከፍ ሲል በመስተዋቱ መካከል ያለችው የብርሃን ነጥብ ትሰፋለች፣ ዝቅ ሲል ትጠባለች። በሌላው ላይ ማይክሮፎን አደረገበት፤ ጐብኚው ሲናገር የገዛ ድምፁ በመስተዋቱ ላይ ብርሃን ኾኖ ሲፈነዳ ያያል፣ ዝም ሲል ብርሃኑም ይሰበሰባል።

የነገሩ ክብደት የሚታወቀው ዘመኑን ሲያስቡት ነው። በጀርመን አገር ሁለተኛው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ የዠመረው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 1 ቀን ስለ ኾነ፣ በኤግዚቢሽኑ ጊዜ ይህ ጣቢያ ገና አልተከፈተም ነበር። ሣጥኑ ይናገራል፤ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ያዳምጣል፤ መልስ መስጠት የለም። በቩፐርታል ግን ተናጋሪው ሰው፣ ታዛዡ ሣጥን ኾነ።

መንገዱ በዚያ አልቆመም። የአይስላንድ ተወላጅ የኾነችው ቫዮሊን ተጫዋች ስቴይና ቫሱልካ ከ1970 እስከ 1978 ባዘጋጀችው ሥራ፣ የቫዮሊኗ ድምፅ የራሷን ምስል እንዲያወዛውዝና እንዲያጣምም አድርጋለች። ዛሬም በየሙዚየሙ በጐብኚው ድምፅ የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች የዚያ ምሽት ተከታዮች ናቸው።

ኾኖም አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። የፓይክ ሣጥን የድምፁን ኃይል እንጂ የቃሉን ትርጉም አይለይም ነበር፤ ለምስጋናም ለልቅሶም ያው ብርሃን ይፈነዳል። መሣሪያ በዚህ አይወቀስም፤ ከዚህ በላይ አልተሰጠውምና። ሰው ግን፣ ይልቁንም ባለጉዳይ በፊቱ የሚቆም ሹምና ተማሪ የሚጠይቀው መምህር፣ የጮኸውን ብቻ ሰምቶ ቀስ ብሎ የተናገረውን ቢያልፍ፣ ከሣጥኑ በምን ተሻለ?