ሕጉ ምክንያትን ይጠይቃል፤ ሳምንቱስ ከየት መጣ?

በማኅበራችን ስለ ጽንስ ማቋረጥ ውይይት ሲነሳ «ሕጉ እስከ ስንተኛው ወር ይፈቅዳል?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። መልሱን ለማግኘት የሀገራችንን ሕጎች ወደ ኋላ ሄደን ማየት ይኖርብናል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስን ሆን ብሎ ማቋረጥን በየትኛውም የእርግዝና ደረጃ ይከለክል ነበር። የሚፈቀደው እናቲቱን ከከባድና ዘላቂ አደጋ በሌላ መንገድ ማዳን ካልተቻለ ብቻ ነው። ለዚያውም የሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫና የሌላ ስፔሻሊስት ስምምነት ያስፈልጋል። ስፔሻሊስት ለማይደርስበት ገጠር ይህ በር ዝግ ነበር። በየጓዳው በድብቅ የተደረገው ውርጃ ስንቱን ሕይወት እንደቀጠፈ እናቶቻችን ያውቁታል።

ሕጉ ሊሻሻል ሲል ሐኪሞችና የሴቶችን መብት የሚያስከብሩ ወገኖች ይህንን ሞት አነሱ፤ የሃይማኖት አባቶች ደግሞ ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል አሉ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሁለቱንም አሻራ ይዟል። ክልከላው እንዳለ ሆኖ፣ አንቀጽ 551 የማያስቀጡ ምክንያቶችን ዘረዘረ፦ አስገድዶ መድፈር፣ በዘመዳሞች መካከል የተፈጸመ ግንኙነት፣ የሕይወት ወይም የጤና አደጋ፣ የጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት፣ የእናቲቱ ለአካለ መጠን አለመድረስ ወይም የአካልና የአእምሮ ጉድለት። ለተደፈረች ሴት የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ ነው።

አንቀጹ ግን ሳምንት አልቆጠረም። ቁጥሩ የመጣው በ1998 ዓ.ም. በወጣው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያ ነው። መመሪያው ጽንስ ከማኅፀን ውጭ መኖር የሚችልበትን መነሻ ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ 28 ሳምንት አድርጎ ወሰደ። እስከ 12 ሳምንት ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በላይ ሆስፒታል እንዲያስተናግድም ደነገገ።

እንግዲህ ለእኛ ሳምንት ማለት መንገድ ነው። ደፋሪዋን ፈርታ ሦስት ወር ዝም ያለች ልጅ ጤና ጣቢያው ያልፋታል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የትራንስፖርት ገንዘብና አብሮ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። ጽንስ በማቋረጥ ጉዳይ አባላቶቻችን እንደ እምነታችን እንለያያለን። ልጅቱ ቶሎ የምትነግረው ሰው ማግኘት እንዳለባት ግን ሁላችንም እንስማማለን። በየቡናው ላይ ይህንን ሕግ የምናነበውም ለዚሁ ነው።