ቢስክሌተኞችና የእንግሊዝ አገር የገጠር መንገድ

የመንገድ ታሪክ በተጻፈ ቍጥር ስማቸው የሚነሣው ነገሥታት፥ የጦር አለቆችና ታላላቅ ነጋዴዎች ናቸው። አገር ለማየትና ልቡን ለማስደሰት ሲል በገዛ ጕልበቱ ዳገት የሚወጣ ሰው ለመንገድ ምን ውለታ ይውላል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው «ምንም» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ነገር ግን የእንግሊዝ አገር የገጠር መንገድ ተረስቶ በነበረበት ዘመን ስለ እርሱ አስቀድመው ከጮኹት ሰዎች ዋነኞቹ በዕረፍት ቀናቸው ከከተማ ወጥተው በኰረብታና በሸለቆ መካከል የሚዞሩ ቢስክሌተኞች ነበሩ። ታሪካቸው ለመሥሪያ ቤት ሰውም ለተማሪም ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ ባጭሩ እንመለከተዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝን ታላላቅ መንገዶች ይጠብቁ የነበሩት ኬላ አቁመው ከመንገደኛ ቀረጥ የሚቀበሉ ድርጅቶች ነበሩ። በዚያ ገንዘብ ጐድጓዳው ይደለደላል፥ ጠጠሩም ይነጠፋል። ከ1830 ወዲህ ግን የምድር ባቡር በተስፋፋ ጊዜ መንገደኛውም ዕቃውም ወደ ሐዲዱ ዞረ። በፈረስ የሚሳቡት የመንገደኛ ሠረገሎች ቆሙ፤ በመንገድ ዳር የነበሩት የእንግዳ ማረፊያዎች ገበያቸው ቀዘቀዘ፤ የኬላው ገቢም ስለ ደረቀ ድርጅቶቹ አንድ በአንድ ፈርሰው የመጨረሻው በ1895 ተዘጋ። መንገዱ በየአጥቢያው ሕዝብ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ባላገሩም ከእርሻው እስከ ገበያው ካደረሰው፥ የሩቅ አገር ሰው የሚሄድበትን መንገድ ለመጠገን የሚያስገድደው ጥቅም አልነበረውም።

ቢስክሌት የመጣው መንገዱ እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው። በ1870 ገደማ በኮቨንትሪ ከተማ ጄምስ ስታርሊ የፊተኛው መንኰራኵሩ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ፥ የኋለኛው ግን በጣም ትንሽ የሆነ ቢስክሌት ሠራ። ጋላቢው ከኮርቻው ላይ ሆኖ አጥሩን አሻግሮ እርሻውንና መንደሩን ያያል፤ ነገር ግን መንኰራኵሩ ከድንጋይ ጋር የተጋጨ እንደ ሆነ በግንባሩ ይተከላል። የእንግሊዝ ኰረብታዎች እንደ አገራችን ተራሮች ከፍ ያሉ ባይሆኑም፥ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ፍሬኑም ደካማ ስለ ነበረ፥ ከዳገቱ ድካም ይልቅ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነበር።

በነሐሴ 1878 በዮርክሺር አውራጃ በሃሮጌት ከተማ፥ ስታንሊ ኮተሬል በሚባል የኤዲንብራ ተማሪ አሳቢነት የቢስክሌት ተጓዦች ማኅበር ተመሠረተ። ከ1880 ጀምሮ ሴቶችን በአባልነት ተቀበለ። ማኅበሩ ውድድር ማዘጋጀትን ዓላማው አላደረገም፤ ሐሳቡ ማንም ሰው በማያውቀው ገጠር ሳይጠፋ፥ ሳይዘረፍና ሳይጐዳ እንዲጓዝ ነበር። ስለዚህ በየከተማው የመንገዱን ሁኔታ ለእንግዳ የሚነግር ወኪል ሾመ። ከሆቴሎች ጋር በዋጋ እየተዋዋለ፥ ክንፍ ያለው መንኰራኵር የተቀረጸበትን ምልክቱን በግድግዳቸው ላይ አሰቀለ። ባቡር ባዶ ያስቀራቸው ብዙ ማረፊያዎችም እንደ ገና እንግዳ አገኙ። አደገኛ በሆነ ቁልቁለት አናት ላይ ደግሞ የብሔራዊው የቢስክሌተኞች ኅብረትና ይህ ማኅበር በገዛ ገንዘባቸው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተከሉ። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው የቁልቁለት ምልክት ከቀደምቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ሁለቱ ማኅበሮች በ1886 ተባብረው የመንገድ ማሻሻያ ማኅበርን አቋቋሙ። ይህም መንገድ እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዱ ጽሑፎች እያሳተመ ለመንገድ ኀላፊዎች ያድል ጀመር። በ1888 የወጣው የአውራጃ አስተዳደር ሕግ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች ለአውራጃ ምክር ቤቶች አስረከበ፤ ቢስክሌትም እንደ ሠረገላ እንዲቈጠር ደነገገ። ቢስክሌተኛው በሌሊት ፋኖስ የማብራት፥ ሌላውን ሲያልፍም ደወል የማሰማት ግዴታ ቢገባም፥ በመንገዱ ላይ ያለው መብት በሕግ ጸና።

ቢስክሌቱም በዚያው ዘመን ተሻሻለ። በ1885 ሁለቱ መንኰራኵሮቹ የተስተካከሉ፥ በሰንሰለት የሚነዳ ቢስክሌት ወጣ፤ በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት አየር የሚሞላ ጎማ ሠራ። የማኅበሩ አባላት በ1899 ከ60,000 በላይ ደረሱ። ካርታ ሠሪዎችም የቢስክሌተኛውን ችግር ተረድተው ነበር፤ በ1896 የወጣው የስኮትላንድ የመንገድ መጽሐፍ የእያንዳንዱን መንገድ መውጫና መውረጃ በሥዕል አሳየ፤ የባርቶሎሜው ካርታም የምድሩን ከፍታ በቀለም ለየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መብት ለሁሉም እኩል አልተዳረሰም። በ1898 እመቤት ሃርበርተን የሚባሉ ባላባት ለቢስክሌት የሚመች ሱሪ መሰል ልብስ ለብሰው በሰሪ አውራጃ ወደ አንድ ሆቴል ቢገቡ፥ ባለቤቲቱ በዚህ ልብስ ወደ ምግብ አዳራሹ አይገቡም ብላ ወደ መጠጥ ቤቱ ክፍል መራቻቸው። ሆቴሉ የማኅበሩን ምልክት የሰቀለ ነበርና ማኅበሩ በሚቀጥለው ዓመት በፍርድ ቤት ከሰሰ። ዳኞቹ ግን በሌላ ክፍል ምግብ አልተከለከሉም በማለት ሆቴሉን ነጻ አወጡት። ማኅበሩ ሙግቱን ቢረታም፥ ነገሩ በጋዜጦች ተሰምቶ አገር የሚነጋገርበት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ኦቶሞቢል መጣ። ከቢስክሌተኞቹ ማኅበር የወጣው ዊልያም ሪስ ጄፍሪስ በ1901 የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር ጸሐፊ፥ በ1910 ደግሞ አዲስ የተቋቋመው የመንግሥት የመንገድ ቦርድ ጸሐፊ ሆነ። መንገዱ ተስተካከለ፥ ሬንጅም ለበሰ። ነገር ግን በተስተካከለ መጠን የፈጣኖቹ ሆነ። በ1949 በብሪታንያ በቢስክሌት የተሄደው መንገድ በዓመት ወደ 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። በደከሙበት መንገድ ላይ እንግዳና ፈሪ ሆነው ቀሩ።

የታሪኩ ፍጻሜ የሚያስገርም ነው። በ1960ዎቹ በኪሳራ ምክንያት ብዙ የባቡር መሥመሮች ተዘግተው ሐዲዳቸው ተነቀለ። በ1977 በብሪስቶል የተነሣ፥ በኋላ ሰስትራንስ የተባለ ድርጅት ከእነዚሁ መሥመሮች አንዱን ከብሪስቶል እስከ ባዝ ለእግረኛና ለቢስክሌተኛ ጠረገው። በ1994 ደግሞ ከምዕራብ ባሕር ዳር ከዋይትሄቨን ተነሥቶ ተራራና ኰረብታ እያቋረጠ በምሥራቅ ሰንደርላንድ የሚደርስ፥ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የቢስክሌት ጕዞ መሥመር ተከፈተ፤ ከፊሉ የሚያልፈው በአሮጌ የባቡር መሥመር ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መንገዱን ያስረሳው ባቡር፥ በመጨረሻ ለቢስክሌተኛው መንገድ አወረሰው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የመንገድን ጕድለት አጥርቶ የሚያውቀው እያንዳንዱ ጠጠር የሚሰማው መንገደኛ ስለ ሆነ፥ የሥራው ኀላፊ በካርታ ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለው ሰው ቃል ጭምር መመራት እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ በኅብረት የተገኘ መልካም ነገር በኅብረት ካልተጠበቀ ለበረታው ብቻ እንደሚቀር ነው። መንገድ መሥራት ትልቅ ሥራ ነው፤ ሲሠራ ለደካማውም ቦታ መተው ግን ከዚያ የማያንስ ሥራ ነው።